ወንዱ ተክል ምን ያደርጋል? ስለ ካናቢስ ፆታና ስለ ዘር ማሻሻል የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርዕስ ከተለጠፈ ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ፈገግ እያለ ነው የሚያልፈኝ፤ ስለዚህ በቅድሚያ አንድ ነገር ላጥራ። ካናቢስን ማምረትም ማዘዋወርም መጠቀምም በአገራችን ወንጀል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ይህንኑ ይደነግጋል። እኔም አተካከሉን ላስተምር አልመጣሁም። የዕፅዋትን ፆታ ለማስረዳት ግን ከዚህ ተክል የበለጠ የሚመች ምሳሌ የለኝም፤ በሳይንሱ ታሪክ ውስጥም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ተክል ነው። ደግሞም በዘር ማሻሻል ሥራ ውስጥ ዘወትር የሚረሳ አንድ ወገን አለ፤ አባትየው። ዛሬ ልሟገትለት የመጣሁት ለእሱ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቹ የምናርሳቸው ሰብሎች በፆታ በኩል አያስቸግሩንም። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ሽምብራ፣ የእኛው ቡናም ጭምር ወንዴውንና ሴቴውን በአንድ አበባ ውስጥ ይዘው ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ። እንዲያውም የጤፍ አሻሻዮችን ያስቸገራቸው ይኸው ነበር። አበባዋ ትንሽ ናት፤ ቀድማ ራሷን ታዳቅላለች፤ ስለዚህ ሁለት ዝርያ ማዳቀል የማይታሰብ ነገር ሆኖ ቆየ። ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ የሚከፈተው ማለዳ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድም መሆኑን የደረሱበት በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ በማጉያ መነጽር እያዩ በመርፌ ጫፍ ወንዴውን ክፍል ማውጣትና ማዳቀል ተቻለ። በ2006 የወጣው፣ ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ወንዱ ለብቻው፣ ሴቷም ለብቻዋ ሆነው የሚበቅሉት ጥቂት ናቸው፤ አበባ ከሚያብቡት የዕፅዋት ዓይነቶች መካከል ከመቶ 5 ወይም 6 ቢሆኑ ነው። ጥቂት ይሁኑ እንጂ ለእኛ ባዳ አይደሉም። ኮሶ እንዲህ ነው። ሴቷ ኮሶ የምታወጣው ዘለላ ወደ ቀይ ያደላል፤ የወንዱ ነጣ ብሎ ብርቱካናማ ነው። ለኮሶ ትል መድኃኒት ስትለቀም የኖረችው ቀይዋ፣ ሴቷ ናት፤ ለቃሚዎቹም ዛፏን ከሩቅ ይለዩዋታል። ጽድና ዝግባም እንዲሁ ወንድና ሴት አላቸው። ፓፓያም አለ፤ በእሱ ነገር መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን ብዬ እገምታለሁ፤ ጥያቄ የሚነሳው ሁልጊዜ በእሱ ነውና። ዐረብ አገር የሠራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሠራተኛው ተምር ላይ ወጥቶ የወንዱን አበባ ከሴቷ ዘለላ መካከል ሲያስር አይታችሁ ይሆናል። በሜሶፖታሚያ ይህ ሥራ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ይታወቅ ነበር።

ካናቢስም ከእነዚህ ወገን ነው። ወደ አገራችን የገባው ደግሞ ትናንት አይደለም። ካናቢስ ሲባል ሻሸመኔን ብቻ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ (ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጋር እንዳታምታቱት) በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ማጨሻ ራሶች ተመርምረው የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። ዕድሜያቸውም በ14ኛው መቶ ዘመን ግድም ተገምቷል።

አሁን ተክሉን ቀረብ ብለን እንየው። ካናቢስ ወጣት ሳለ ወንዱን ከሴቷ በዓይን መለየት አይቻልም። ቅጠሉም ግንዱም አንድ ነው። ሌሊቱ ሲረዝም ወደ ማበብ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ቅርንጫፍ ከግንድ በሚገናኝበት ብብት ላይ ምልክቱ ይወጣል። በሴቷ ላይ አረንጓዴ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ትንሽ ከረጢት ታያላችሁ፤ ከአፉ ሁለት ነጫጭ ፀጉሮች ይወጣሉ። እነዚያ ፀጉሮች የአበባ ዱቄት የሚይዙ ናቸው። በወንዱ ላይ የሚወጣው አጭር አንገት ያላት ድቡልቡል እንቡጥ ነች፤ እንቡጦቹ እየበዙ ተንጠልጥለው ዘለላ ይሠራሉ። ሲከፈቱ አምስት ነጣ ያሉ ቅጠሎችና አምስት የዱቄት ከረጢቶች ይታያሉ። ደማቅ ቀለም የለ፣ ንብ የሚጠራ ወለላ የለ። ሥራው በሙሉ ለነፋስ የተተወ ነው። ለነፋስ የሚሠራ ደግሞ በብዛት ነው የሚሠራው፤ ከአንዲት የወንድ አበባ ወደ 350,000 የሚሆን የዱቄት ቅንጣት ይወጣል። የዱቄቱን መንገድ ርዝመት ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ በደቡብ ስፔን፣ በማላጋ የአየር ናሙና ይወስዱ የነበሩ ተመራማሪዎች ከሞሮኮ ባሕር አቋርጦ የመጣ የካናቢስ ዱቄት አግኝተው በ1997 ጽፈዋል።

ወንዱ ዱቄቱን ካራገፈ በኋላ ብዙም አይቆይም፤ ይጠወልጋል፣ ይደርቃል። ሴቷ ዘሯን እስክታበስል ሳምንታት ትቆማለች። የድሮ የአውሮፓ ገበሬዎች ለቃጫ ሲተክሉት ቀጭኑንና ቶሎ የሚደርቀውን ቀድመው ይነቅሉ ነበር፤ ቃጫው ለስላሳ ነውና ለጥሩ ልብስ ይሆናል። የሚያስቀው፣ ያ ደካማው ተክል ሴት ነው፤ ወፍራሙና ዘር የተሸከመው ደግሞ ወንድ ነው ብለው ለብዙ ዘመን ያምኑ ነበር። ጉልበት ያለው ሁሉ ወንድ መስሎ ታያቸው መሰለኝ።

ነገሩን በሙከራ ለማረጋገጥ የተነሳው ሩዶልፍ ያኮብ ካሜራሪዩስ ነው፤ በቱቢንገን የዕፅዋት አትክልት ቦታ ኃላፊ የነበረ ሐኪም። በ1694 ለአንድ የሙያ ባልደረባው የጻፈው ረጅም ደብዳቤ ዕፅዋት ፆታ እንዳላቸው በሙከራ ያሳየ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የጉሎን የወንድ አበቦች ቀነጠሰ፤ ዘር አልሞላም። የበቆሎን ፀጉር ቆረጠ፤ ፍሬ አልያዘም። ሁሉም መልካም ሄደ። ካናቢስ ላይ ሲደርስ ግን ተያዘ። ዘሩን ለብቻው አብቅሎ፣ ወንዶቹን አበባቸው ሳይከፈት ቆርጦ ጣለ፤ ሴቶቹ ግን ከብዙ ባዶ ፍሬ ጋር ጥቂት የማይባል ደህና ዘር ሰጡት። ሰውየው በዚህ በጣም ተናደደ፤ አልደበቀውም ግን፤ በዚያው ደብዳቤ ላይ አሰፈረው። እኔ ከጠቅላላው ሥራው ይህን ክፍል አብልጬ እወዳለሁ። ተማሪዎቼ የማይመች ውጤት ሲያገኙ ከሰንጠረዡ ሊያወጡት ይሞክራሉ፤ እኔም ካሜራሪዩስን እጠቅስባቸዋለሁ። በ18ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒም በዚሁ ተክል ሞክሮ ተመሳሳይ ነገር ገጠመው፤ እሱ ግን ያለ አባት ዘር ይገኛል ወደሚል ድምዳሜ ሄደ።

ምስጢሩ ዛሬ ይታወቃል። የካናቢስ ክሮሞሶሞች 20 ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ጥንድ ፆታ የሚወስን ነው። እንደ እኛ ሁሉ ሴቷ ሁለት ኤክስ፣ ወንዱ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ይዟል። ስለዚህ ከአንድ ማሳ ግማሹ ወንድ፣ ግማሹ ሴት ይሆናል። ክሮሞሶሙ ይህን ይወስን እንጂ የአበባው አሠራር በሆርሞን የሚታዘዝ ነው። ሴቷ ስትጨነቅ፣ ብርሃኑ ሲዛባባት፣ ወይም ዱቄት ሳታገኝ ብዙ ስትቆይ ከሴቴ አበቦቿ መካከል አንድ ሁለት የወንድ ከረጢት ታወጣለች። አንዳንድ የዘር መስመሮች ይህ ዝንባሌ በውርስ አለባቸው። ካሜራሪዩስን ያስቸገረው ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ዘለላውን በአጉሊ መነጽር ፈልፍሎ የሚያይ ካልተገኘ እንዲህ ያለች አንዲት ከረጢት ከዓይን ታመልጣለች።

ከቤተ ሙከራ ውጭ ወንዱን የመለየት ጥበብ እስከምን ይደርስ እንደነበር ለማየት ወደ ቤንጋል እንሂድ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1893 በሕንድ ስለ ካናቢስ የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር፤ በርካታ ቅጽ ያለው ዘገባውም አሁን ድረስ ይነበባል። በዚያ ውስጥ በናኦጋኦን፣ በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ጋንጃ በመንግሥት ፈቃድ የሚያመርቱ ገበሬዎች ነገር አለ። ማሳው ሊያብብ ሲል ገበሬው የጋንጃ ሐኪም የሚባል ባለሙያ ይቀጥራል። ሐኪሙ በመስመሮቹ መካከል እየተመላለሰ፣ ተክል በተክል እያየ፣ ወንዱን ሁሉ ያስነቅላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዱቄት ያልደረሳት ሴት ዘር ስለማትይዝ አበባና ሙጫ ማውጣቷን ትቀጥላለች፤ ዱቄት የደረሳት ግን ጉልበቷን ወደ ዘሩ ታዞራለች። አንድ ወንድ ካመለጠ የጎረቤት ማሳም ይበላሻል፤ ስለዚህ የሐኪሙ ዓይን የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነበር። ዛሬ በካናዳና በእስራኤል በሕግ ተፈቅዶላቸው ለመድኃኒት የሚያመርቱ ድርጅቶችም የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው።

እስከዚህ ድረስ ወንዱ ጠላት ነው። ዘሩ ግን ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ገባሁ። ከብት ያረባ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ላሚቱን ታልባታለህ፣ ወተቷን ትለካለህ። ኮርማውን ግን አታልበውም፤ ሆኖም የጥጃዋ ግማሽ ውርስ ከእሱ ነው። በካናቢስም እንዲሁ ነው። አርቢው የሴቷን ሙጫ፣ ዘር፣ ቃጫ አይቶ ይመርጣል፤ አባትየው ግን ነፋስ ያመጣው ማንም ነው። በዚህ ዓይነት ምርጫ የሚገኘው መሻሻል ከሚቻለው ግማሹ ብቻ ነው፤ እናትየዋን ምንም ያህል ብትመርጥ ሌላው ግማሽ በዕጣ ይመጣል። ይባስ ብሎ ወንዱ ዱቄቱን የሚያራግፈው ሴቷ ገና ሳትደርስ ነው። የትኛው ወንድ ጥሩ ቃጫ እንዳለው በመከር ጊዜ ስታውቅ፣ ወንዱ ከሞተ ወር ሆኖታል፤ መጥፎውም ደህናውም ዱቄቱን በትኖ ጨርሷል።

ይህን ቋጠሮ የፈታው ጀርመናዊው ጉስታቭ ብሬደማን ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ለቃጫ የሚሆን ሄምፕ ያሻሽል ነበር፤ ሄምፕ ማለት ያው ካናቢስ ነው፣ አስካሪ ንጥረ ነገሩ ጥቂት የሆነው ወገን። ዘዴው ሲሰሙት የሚያስደነግጥ ነው። ወንዱ አበባው ከመከፈቱ በፊት ግንዱን ከላይ ወደ ታች በቢላ ለሁለት ይሰነጥቁታል። አንዱን ግማሽ ቆርጠው ወደ ቤተ ሙከራ ይወስዳሉ፤ ሌላው ግማሽ ከሥሩ ጋር ማሳው ላይ ቆሞ ይቆያል። ተክሉ በግማሽ ግንዱ ይኖራል! በቤተ ሙከራ የተወሰደውን ግማሽ በፍጥነት ቀቅለው ከእንጨቱ ቃጫውን ይለያሉ፣ አድርቀው ይመዝናሉ። ከዚያ ተመልሰው ወደ ማሳው ይሮጣሉ፤ ቃጫው ያነሰውን ወንድ ሁሉ እንቡጡ ሳይፈነዳ ይነቅላሉ፤ ማበብ የሚፈቀደው ለጥቂቶቹ ምርጦች ብቻ ነው። የሚቀረው ጊዜ የቀናት ጉዳይ ስለሆነ ሥራው ሩጫ ነው። በየዓመቱ እንዲህ እየተሠራ የግንዱ የቃጫ ድርሻ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ እጥፍ ግድም አደገ። የተክሉ ሴቶች ድሮም ይመረጡ ነበር፤ አዲስ የተጨመረው ነገር የአባት ምርጫ ነው።

ይህን ዘዴ ወስዶ ብዙ የሠራበት የሃንጋሪው ኢቫን ቦቻ ነው፤ ኮምፖልት በምትባል ቦታ በነበረ የምርምር ጣቢያ። ኮምፖልቲ የተባለው ዝርያ በ1954 ተመዝግቦ ለዘመናት በምሥራቅ አውሮፓ ማሳዎች ላይ ቆየ። ቦቻ ሌላም ብልሃት ሠራ። በጀርመንና በሶቪየት ኅብረት የነበሩ አሻሻዮች ወንድና ሴት አበባ በአንድ ተክል ላይ የሚያወጣ ሄምፕ አግኝተው አባዝተው ነበር፤ ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚሆንና አብሮ ስለሚደርስ በማሽን ለማጨድ ይመቻል። እነዚህ ተክሎች በክሮሞሶም ሲታዩ ሴቶች ናቸው፤ ሁለት ኤክስ። ዱቄታቸውም ስለዚህ ኤክስ ብቻ ይይዛል። ቦቻ የኮምፖልቲን ሴት በዚህ ዱቄት አዳቀላት፤ ልጆቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ሆኑ። ዩኒኮ የተባለው ዲቃላ የተሠራው እንዲህ ነው።

ባለ ሁለቱም ፆታው ዝርያ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። አንድ እውነተኛ ወንድ ሾልኮ ከገባ በጥቂት ትውልድ ማሳው ወደ ድሮው፣ ወንድ ለብቻ ሴት ለብቻ ወደሆነው ይመለሳል። በአውሮፓ ኅብረት የዘር ሕግ የዚህ ዓይነት ሄምፕ መሠረታዊ ዘር ሲባዛ ከሌላ ሄምፕ 5 ኪሎ ሜትር መራቅ አለበት መባሉ ከዚህ የመጣ ነው። ቁጥሩን ለተማሪዎች ስነግር ይገረማሉ፤ ለስንዴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም።

ከዚያ ብር መጣ። ገንዘቡን ማለቴ አይደለም፤ ማዕድኑን ነው። ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ባታውቁትም። ሙዝ ነጋዴዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ በኬሮሲን ጭስ ሙዝ ሲያበስሉ ሥራውን የሚሠራው በጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ነው። ይኸው ጋዝ በካናቢስና በዱባ ወገን ተክሎች ውስጥ ሴቴ አበባን የሚያበረታታ ሆርሞን ሆኖ ያገለግላል። የብር ውህዶች ደግሞ ተክሉ ኤቲሊንን እንዳይሰማ ያደርጉታል። በ1982 በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች ሴት ካናቢስ ላይ የብር ውህድ በመርጨት ዱቄታቸው የሚሠራ የወንድ አበቦች እንድታወጣ አደረጉ። ዱቄቱ ከሴት የመጣ ስለሆነ ዋይ የለበትም። በዚያ የተዳቀለች ሴት የምትወልደው ሴት ብቻ ነው። በሕጋዊው የዓለም ገበያ ዛሬ ሴት ብቻ ተብሎ በውድ የሚሸጠው ዘር መነሻው ይህ ነው፤ የቤንጋሉን ሐኪም ሥራ ከጥቅም ውጭ ያደረገውም እሱ ነው።

ብልሃቱን አደንቃለሁ። ለዘር ማሻሻል ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አለ ባይ ነኝ። አንዲት ተክል ለራሷ አባት ስትሆን፣ ልጆቿ ተሸሽገው የኖሩ ድክመቶችን ከሁለት ወገን ይወርሳሉ። ካናቢስ ደግሞ በተፈጥሮው ከባዳ ጋር ለመዳቀል የተሠራ ነው፤ እንደ ጤፍ ራስን በራስ ማዳቀል አልለመደም። ራሱን ባዳቀለ ቁጥር ቁመቱ ያጥራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ዘሩም ያንሳል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በዋይ ክሮሞሶም ላይ ያለው ውርስ የሚተላለፈው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። ወንድ የማይተከልበት ገበያ ውስጥ ያ መስመር ይቆረጣል። አሮጌዎቹን የገበሬ ዝርያዎች የሚጠብቅ ካልተገኘ፣ የጠፋው ወንድ ምን ይዞ እንደጠፋ የሚነግረን የለም።

የአባት ምርጫ ዛሬ ቀሏል፣ ይህንንም ልናገር። እንደ ብሬደማን ግንድ መሰንጠቅ የግድ አይደለም። በ1964 በእስራኤል ራፋኤል መሹላምና የሄኤል ጋኦኒ የሚያሰክረውን ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲን፣ ለይተው አወጡ። በ2003 ደግሞ አንድ ተክል ቲኤችሲ ያብዛ ወይስ የማያሰክረውን ሲቢዲ የሚለው ጉዳይ በአብዛኛው በአንድ የዘረመል ቦታ እንደሚወሰን ታተመ፤ ሁለቱን ዓይነት አዳቅለው በሁለተኛው ትውልድ ሲቆጥሩ አንድ እጅ ቲኤችሲ፣ ሁለት እጅ ቅይጥ፣ አንድ እጅ ሲቢዲ እየሆነ ወጣ፣ የውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል በአተር ላይ እንዳየው። ወንዱ ሙጫው ትንሽ ቢሆንም ይህን ውርስ ይዞታል፤ ስለዚህ ችግኝ ሳለ ከቅጠሉ ናሙና ተወስዶ ምን እንደሚያወርስ ይታወቃል። በዩክሬን፣ በህሉኪቭ ያለው ተቋም በሶቪየት ዘመን ቲኤችሲው እጅግ ያነሰ ሄምፕ ለማውጣት በምርጫ ብቻ ዓመታት ፈጅቶበታል። ዛሬ ያ ሥራ በጣም ያጥራል።

ስለ ሕጉ ወሰንም አንድ ቃል። ሄምፕን ከአስካሪው ካናቢስ የሚለየው የ0.3 በመቶ የቲኤችሲ መስመር የመጣው ካናዳዊው ኧርነስት ስሞል በ1976 ከአርተር ክሮንክዊስት ጋር ካሳተመው የአመዳደብ ጽሑፍ ነው። ስሞል ራሱ ቁጥሩ ለሥራ እንዲያመች የተመረጠ እንጂ የተፈጥሮ ድንበር እንዳልሆነ ተናግሯል። አሜሪካ በ2018 የግብርና ሕጓ ወሰደችው፤ የአውሮፓ ኅብረት ለብዙ ዓመታት 0.2 አድርጎ ቆይቶ በ2023 ወደ 0.3 መለሰው። ገበሬው ምንም ሳይነካው፣ ትናንት ወንጀለኛ የነበረ ማሳ ዛሬ ንጹሕ ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ላብቃና ወደ ጥያቄዎቹ እንሂድ።

ከተማሪዎች መካከል አንዷ፣ ዘሩን አይቶ ወንድና ሴት መለየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። አይቻልም። ክብ ዘር ሴት ነው፣ ሾጣጣው ወንድ ነው የሚሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ የዘሩ ቅርፅ ግን የእናትየዋ ሥራ ነው፣ ስለ ልጁ ፆታ የሚለው ነገር የለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በዋይ ክሮሞሶም ላይ ያሉ የዲኤንኤ ምልክቶች ስለታወቁ፣ ሁለት ቅጠል ካወጣ ችግኝ ቁራጭ ወስዶ መመርመር ይቻላል። ይህ ለእኛ በጣም የሚጠቅመው በፓፓያና በተምር ነው፤ ተምር ፆታው እስኪታወቅ ብዙ ዓመት ያስጠብቃልና።

ከመቂ የመጡ አንድ አባት ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ካናቢሱ ይቅርብን። እኔ የተከልኩት ፓፓያ ግማሹ አበባ ብቻ ሆኖ ቀረ። ምን ላድርግ?»

አባቴ፣ ዘሩን ያገኙት ወንድና ሴት ተለያይተው ከበቀሉበት ማሳ ይመስለኛል፤ ከዚያ የሚመጣ ዘር ግማሹ ወንድ ነው። አበባው በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ከታዩዎት እነሱ ወንዶቹ ናቸው። ለሚቀጥለው ዘር የሚይዙት ፍሬ ረዘም ያለው ይሁን፣ ክቡን ይተዉት። ረዘም ያለው ሁለቱንም ፆታ በአንድ አበባ ከያዘ ተክል የመጣ ነው። ራሱን ካዳቀለ፣ ከሦስት ልጆቹ ሁለቱ እንደሱ፣ አንዷ ሴት ትሆናለች፤ ወንድ አይወጣም። አራተኛ ሆኖ መወለድ የነበረበት ገና ከዘሩ ውስጥ ሳለ ይሞታል። ዱቄቱ ከሌላ ወንድ እንዳይመጣበት አበባው ሳይከፈት በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑት። ሲተክሉ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ያድርጉ፤ ሦስቱም ሴት የመሆን ዕድላቸው ከ27 አንድ ነው። አበባ ሲያወጡ ገበያ የሚወደውን ባለ ረዘም ፍሬውን አንዱን አስቀርተው ሌሎቹን ይንቀሉ። ሦስቱም ሴት የሆኑበት ጉድጓድ ቢያጋጥምዎትም አንዷን ያቆዩአት፤ ከጎረቤቶቿ ዱቄት ታገኛለች፣ ፍሬዋ ክብ ይሆናል እንጂ ይበላል።